መወርወሪያውን ያልሳብሁለት እንግዳ

እኔ ጡረተኛዋ የአማርኛ መምህርት ኣልጋነሽ ወልደገብርኤል፣ መቐለ፣ ዓይደር ባለው ቤቴ ተኝቼ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በአራት ምስክሮች ፊት ይህን የመጨረሻ ቃሌን አስጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ ቤቴን ከነዕቃው ለልጄ ለፍሬወይኒ ሰጥቻለሁ። ስትጨቀጭቀኝም ስታስታምመኝም ኖራለች። የወንድሟን የሓፍቶምን ክፍል ግን እንዳታከራየው። ወደ ጦርነቱ ከሄደ ወዲህ እሱም መርዶውም አልመጡም።

ሁለተኛ፤ የወርቅ ሀብሌን ከወሎ መጥታ በርበሬ ለምትነግደው ለጎረቤቴ ለሁሪያ ሰጥቻለሁ። ዘመድ አይቆጣ፤ እስከ ዛሬ የዋሸሁትን ልናገር።

በ2014 ክረምት፣ መንገዱም ስልኩም በተዘጋበት፣ አንድ ቀን በቀትር በሬ ተንኳኳ። «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» አለ አንድ ደካማ ድምፅ፤ ሦስት ጊዜ አለ። አባቴ ይህን ቃል ሰምቶ የእንግዳውን እግር ሳያጥብ አይቀመጥም ነበር። እኔ ግን የቀረችኝን አንድ ጣሳ በሶ አቅፌ፣ ከመወርወሪያው ኋላ ትንፋሼን ዋጥሁ። ሁሪያ «እንግዳ ሪዝቁን ይዞ ነው የሚመጣ» ብላ ወደ ቤቷ አስገባችው፤ ለልጆቿ ያፈላችውንም አጥሚት ቀዳችለት። ጥቂት ቆይታ «ኣደይ ኣልጋነሽ፣ ኧረ ይድረሱ!» ብላ ጮኸች። በእንግዳው ኪስ ሓፍቶም ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ሲማር የያዘው የተማሪ መታወቂያ ተገኘ፤ ለካ ቤቴን ፈልጎ ነው የመጣው! ስደርስ አንደበቱ ተዘግቷል። ዓይን ዓይኔን አየኝና ሞተ። ወይኔ ልጄ! ምን ብለህ ልከኸው ነበር? ለሰው ሁሉ ግን «ገበያ ሄጄ ነበር» አልሁ።

ሦስተኛ፤ የዚያ እንግዳ ስም አይታወቅም። በተዝካሬ ቀን ከእኔ በፊት ለእሱ ይጸለይ። ፍሬወይኒ፣ መወርወሪያውን አስነቅዪው።

አራተኛ፤ የነፍስ አባቴ «በደጅሽ የቆመው ምስኪን ሰው ነው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም፤ ራስሽን አትግደዪ» ይሉኛል። ታዲያ ምሉዕ በኩለሄ ነው፣ የሌለበት ስፍራ የለም እያላችሁ ያሳደጋችሁኝስ? በዚያ ሰው ውስጥ ካልነበረ፣ ልጄ በወደቀበት ጉድጓድም አልነበረም ማለት ነው። ይህን አልችልም! በሁለቱም ዘንድ ከነበረ ደግሞ በደጄ ተርቦ የቆመው እርሱ ነው፤ የዘጋሁበትም እኔ ነኝ። መርጫለሁ። እኔ ኩነኔ ልግባ፤ ልጄ ብቻውን አይሁን።

ይህ ቃል ለተናዛዧና ለአራታችን ተነቧል፤ «ያልሁት ይኸው ነው» ብለው ፈርመዋል።

ኣልጋነሽ ወልደገብርኤል (ፊርማ)

ምስክሮች፤
መምህር ሓየሎም ኪዳነ (ፊርማ)
ወ/ሮ ሳሊና በርሀ (ፊርማ)
አቶ ይማም አሊ (ፊርማ)
የነፍስ አባታቸው ቄስ ኣታኽልቲ ገብረሚካኤል (ፊርማ)፤ አራተኛው ቃል እንዲሰረዝ ለምነው፣ ተናዛዧ «አይነካብኝ» ስላሉ፣ እያለቀሱ ፈርመዋል።