የቦቢ ክኒን

ሰኞ
ሩዝ አይደለም፤ ሩዝ ቢሆን በወደድኩ! የማርታን ብርድ ልብስ ሳራግፍ ነጭ ነጭ ነገር ረገፈ። ልለቅመው ጎንበስ ስል አንዱ ተንቀሳቀሰ። ወይኔ ጉዴ! ውሻችን ቦቢ እኮ ከልጄ ጋር አልጋ ላይ ነው የሚተኛው።

ባሌ ታምራት ቁርጡን ተናገረ። ቅዳሜ ጓደኛው የጭነት መኪና ይዞ ወደ ቱርሚ ይወርዳል፣ ውሻውን ይወስደዋል። ማርታ ራቷን ሳትበላ ተኛች። ተሳስተሃል እንዳልለው ስድስት ዓመቷ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ግን ቦቢን መስጠት አልችልም። አልችልም!

ማክሰኞ
እንስሳት ክሊኒክ። ቦቢ መቀመጫውን መሬት ላይ እየጎተተ፣ እኔ እሱን በገመድ እየጎተትኩ፤ ጂንካ ሁሉ ሳቀብን። ሐኪሙ "የኮሶ ትል ነው፣ ይድናል፣ አትጨነቂ" አለኝ። አትጨነቂ ስባል ነው የሚብስብኝ። መዝኖት ክኒን ሰጠኝ። ትሉን የሚያመጣውን ቁንጫ አጥፊ፣ ኩሱን ቅበሪ፣ አልጋ ላይ አይውጣ፣ ልጅቷ እጇን ትታጠብ። ስለ ምግቡም የሆነ ነገር ብሎኝ ነበር፤ ቦቢ የሰው ዶሮ ላይ ሲዘል ሳልሰማው ቀረሁ።

ረቡዕ
በዳቦ ሰጠሁት፤ ዳቦውን በልቶ ክኒኑን ተፋ። በቅቤ፤ ልሶ ተፋ። በእንቁላል፤ ጭራሽ ሸሸኝ። ክኒኑ እጄ ላይ ሊያልቅ ነው። ቅዳሜ ደረሰ።

ሐሙስ፣ እንቁጣጣሽ
የሰፈሩ ቅርጫ እኛ ግቢ ታረደ። አራጁ ጎረቤታችን ጋሽ ጳውሎስ ናቸው። እንደ ልማዳቸው ሳንባውን ለውሾች ወረወሩ።
"ጋሼ፣ ለቦቢም ትንሽ ይቁረጡልኝ።"
"ውሻሽም ቅርጫ ገባ እንዴ?"
ክኒኑን ሳንባው ውስጥ ወሸቅኩት። ሳያኝክ ዋጠው! እልል አልኩ። ሰዎቹ በበሬው ስብ የተደሰትኩ መሰላቸው።

ዓርብ
ሐኪሙን መንገድ ላይ አግኝቼ "ዋጠልኝ" አልኩት በኩራት።
"በምን?"
"በጥሬ ሳንባ።"
እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። "እህቴ፣ ጥሬ የሆድ ዕቃ አትስጪው አላልኩሽም? ሌላ ትል እኮ ከዚያ ይመጣል! ውሃ የቋጠረ ነገር ነበረበት?"
ነበረበት። እሱ ደግሞ የባሰው ዓይነት ነው አለኝ። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፣ ከዚያ በልጅ እጅ ወደ አፍ። የሰው ጉበት ላይም ውሃ ይቋጥራል። ክኒኑ ያንንም ገድሎት ይሆናል፣ ለማንኛውም ይደገማል አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ለታምራት ምን ብዬ ልንገረው?

ቅዳሜ
የተረፈው ሳንባ አጥር ሥር ወድቆ ውሾች ይጓተቱበታል። በላስቲክ ሰብስቤ ጓሮ መቆፈር ጀመርኩ።
"ሳንባ ይቀበራል እንዴ? ሰው ነው?" ጋሽ ጳውሎስ ሳቁብኝ።
ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። የልጅ ልጆቻቸውም ከውሾቹ ጋር ነው የሚውሉት። "ጥልቅ አድርጊው፣ አለዚያ ያወጡታል" ብለው የቀረውን ሊለቅሙ ሄዱ።

ዞር ስል ታምራት ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል።
"ይኸው! ዛሬውኑ ይሂድ!"
"ቱርሚ ልጆች የሉም?" አልኩት። እንባዬ መጣ። "ያበላሁት እኔ ነኝ። እንደዚህ አድርጌ ለሌላ ሰው ልጅ ልላክለት?"
አካፋውን ከእጄ ወሰደና መቆፈር ጀመረ። የመኪናው ጡሩምባ ከበር ተሰማ። ታምራት ቀና እንኳ ሳይል "ውሻው ሕክምና ላይ ነው በዪው፣ ብቻውን ይሂድ" አለኝ።

ሮጥኩ። መኪናው ሄደ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ሁለተኛው ክኒን እስኪዋጥ ድረስ እንቅልፍ የለኝም።