የአባዬ ወንበር እንዳይዘጋ

መጋቢት 5 ቀን 1962

ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ ሳይደርቅ ዋለ። ሽሮ በላን።

ከይርጋጨፌ አንዲት ሴትዮ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። "ዶክተር አሉ?" አባዬን ጥር ላይ ቀብረነዋል። "አርፈዋል" አልኳቸው። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ... ለጥርሳቸው ይሁን ለአባዬ እንጃ። ደጀኔ አስገብቶ አባዬ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነቀለላቸው። ረዳቱ ነበር፣ ስንት ዓመት ከአባዬ አጠገብ የቆመ። እጁ ጥሩ ነው። ወሬ ግን አያውቅበትም።

አባዬ ዶክተር እንኳ አልነበረም። ድሬሰር ነበር፣ ቁስል አሻጊ፤ ይርጋለም የጥርስ ሥራ ያስተማሩት። ዲላ ዶክተር ብላ ሾመችው፣ ማን ይከራከራል?

ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ ካልተመለስኩ የነርስ ትምህርት ቤቱ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። ለእማዬ አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 6

አልነገርኳትም።

መጋቢት 11

ዛሬ የእድሩ ሽማግሌዎች መጡ። ሊያጽናኑን መስሎኝ ነበር። አቶ ጓንጉል፣ ቡና ነጋዴው፣ አፋቸውን ከፍተው መንጋጋቸውን አሳዩን። "ይቺን ዶክተር ነው የሞላልኝ። ጾሙ ይፈታ እንጂ አጥንት እቆረጥምባታለሁ!" ሁሉም የየራሱን አወራ። እኔም አስታወስኩ... ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ የቤተሰቡን ጥርስ በተራ ያይ ነበር። ከትንሽ ወንድሜ ጀምሮ እማዬ ዘንድ ሲደርስ እሷ እየሳቀች አፏን ትይዛለች። "እሺ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ" ይላታል። ደስ ብሎኝ እያዳመጥኩ ሳለ አቶ ጓንጉል ወደ ነገራቸው ገቡ።

"ወንበሩ መዘጋት የለበትም። ደጀኔን ሀገረ ማርያም ላይ ይፈልጉታል አሉ። ካላሰርነው ይሄዳል። ጥሩብርሃንን እንስጠው።"

እኔን! ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አውርጄ ተቀምጫለሁ። አባቷን የቀበረች ልጅ ሽማግሌ ፊት ምን ትላለች? ዝም አልኩ። "ዝምታ እሺታ ነው" ብለው ተነሡ። በቃ? እንዲህ ነው ሰው የሚዳረው?

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ተድሮ አያውቅም።

መጋቢት 12

ገበያ ሄድኩ። ሽንኩርት ሻጯ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ! እግዜር ሐዘናችሁን አስረሳችሁ።" ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም... የራሴን ጋብቻ ከሽንኩርት ሻጭ።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ የትምህርት ቤቱንም። "ይህ ሁሉ ሰው አባትሽን አልቅሶ ቀብሮ፣ እምቢ ብለሽ በየት ታልፊያለሽ?" አለች። ወደ ጓዳ ገባች።

ጠላት ቢሆኑ እሰድባቸው ነበር። ግን ይወዱናል። በር ላይ ቆጮ ያስቀምጣሉ፣ ማገዶ ይልካሉ። እንዲህ እየተወደዱ እንዴት ይወጣል?

መጋቢት 19

ደጀኔ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። እኔም አዞራለሁ። አባዬ፣ ምን ልበላቸው?

መጋቢት 25

ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መጡ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ሐዘን ስለሆነ ያለ ዘፈን። ደጀኔንም አምጥተው ጥግ አስቀምጠውታል። ከዚያ እንደ ልማዳቸው የአባዬን ነገር አነሡ። ባለሱቁ ጋሼ አህመድ ጀመሩ።

"የመጀመሪያ ቀን ወንድሞቼ እጅ እግሬን ያዙልኝ። ዶክተር ልቀቁት አለ። ጉጠቱን አስገብቶ ሳለ የሆነ ድምፅ አሰማሁ መሰለኝ፣ መልሶ አወጣው። 'አፉን የከፈተ ሰው እሺም እምቢም ማለት አይችልም። ዝጋና ንገረኝ፣ ልንቀለው?' አለኝ። እምቢ ብዬው ሱቄ ገባሁ! ሲብስብኝ በራሴ እግር ተመለስኩ።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ነጠላዬን ገለጥኩና፣ "ጋሼ አህመድ፣ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም" አልኩ።

አቶ ጓንጉል ደነገጡ። "ምን አለች?"

ጋሼ አህመድ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እውነቷን ነው። ልጄ፣ ትፈልጊያለሽ?"

"አልፈልግም። ትምህርቴን ነው የምፈልገው።" ደጀኔንም ጠየቁት። ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ "ሀገረ ማርያም እሄዳለሁ መቼ አልኩ?" አለ።

አቶ ጓንጉል ሳይሰናበቱን ወጡ። እማዬም አላየችኝም።

መጋቢት 28

እማዬ እስከ ዛሬ ጠዋት አላናገረችኝም። ከዝናቡ ሸሽቼ ስገባ ሻንጣዬን በገመድ ስታስር አገኘኋት። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሄጃለሽ አለችኝ።

"ወንበሩስ?"

"ደጀኔ አለ አይደል? ጥርስ ለመንቀል ሚስት ምን ያደርግለታል?"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ገመዱን እንደያዘች፣ "እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም" አለች። "ልጅ ነበርኩ። አምጥተው ለአባትሽ ሰጡኝ። እንግዳው ሁሉ ሲወጣ አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ፣ 'ወደሽ ነው የመጣሽው?' አለኝ። አይደለም አልኩት።"

ይህን ሰምቼ አላውቅም። እነሱን የመሰለ ባልና ሚስት ዲላ አልነበረም።

"ከዚያስ?"

"ጋቢውን መሬት ላይ አንጥፎ ተኛ።"

"እስከ መቼ?"

ገመዱን ሳብ አድርጋ ቋጠረችው።

"እስክጠራው" አለች።