የአባዬ ተረከዝ

ጥቅምት 6
ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፦ «ኮሌስትሮል ቀጭን ሰው አይደፍርም።» ጥሩ ዜና። እኔ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነኝ። የእህቴ የራሂማ ባል፣ ጨርቅ ነጋዴው ሀምዲን፣ መቶ አራት። የበግ ላት እንደ ሐብሐብ ቆርጦ ይበላል። ኑዛዜውን ቢያሰናዳ ይሻለዋል።

ጥቅምት 9
ምሳ እነሱ ቤት። ሀምዲን ላቱን ወደኔ ገፋ አደረገና፦ «ብላ ቲቸር፣ ንፋስ እንዳይወስድህ።» ስለ ኤልዲኤል፣ ስለ መጥፎው ኮሌስትሮል አስረዳሁት። ስብ ጭኖ እየመጣ የልብ ደም ስር ላይ የሚያራግፍ የጅቡቲ ተሳቢ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ልብ ቀጥ ይላል። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ፣ «ሾፌሩ ማነው?»
እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የተዛመድነው...
ብቻዬን አልመረመርም አለ። እሺ፣ አብሬው እመረመራለሁ። አስተማሪ አርአያ ነው።

ጥቅምት 13
ኮምቦልቻ፣ ክሊኒክ። ሁለታችንም በባዶ ሆድ። ደም ሲቀዳ ሀምዲን ዓይኑን ጨፈነ። መቶ አራት ኪሎ ሙሉ።

ጥቅምት 14
የሀምዲን ኤልዲኤል 98። የኔ 263።
ብልቃጡን አቀያይረውታል።
«አብሽር ቲቸር፣ ሾፌሩ አንተ ቤት ነው የሚያድረው።» ሳቀ። ብቻውን።

ጥቅምት 20
ደሴ ላይ ደገምኩ። 259። ማሽኖቹ ተማክረዋል ማለት ነው?

ጥቅምት 22
ዶክተር ፋኢዛ ትባላለች። ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ልጅ። ወረቀቱን አይታ፣ «ካልሲዎን ያውልቁ።» ለልብ? ከተረከዜ በላይ፣ ጅማቱ ላይ ያለችውን እብጠት ጫን ጫን አደረገች።
«የጫማ ነው» አልኳት።
«ስብ ነው። በዘር የሚመጣ። ቀጭን ወፍራም አይልም። ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው ነበር?»
አባዬ... በአርባ ስምንት ዓመቱ ሱቁ በር ላይ ወድቆ ቀረ። ገላውን ያጠቡት ሽማግሎች ተረከዙን አይተው «የሶላት ምልክት ነው» ብለው አለቀሱ። ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ ሰፈሩ በዚያ ተረከዝ ይምላል።
«እህት ወንድም ካለዎት ቶሎ ይመርመሩ» አለች።
ራሂማ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው።

ጥቅምት 25
«የአባዬን ሶላት ስብ ነው ልትለኝ ነው?» አለች ራሂማ።
«እታለም፣ ያንቺስ ተረከዝ?»
«አለኝ። አልሀምዱሊላህ። ያንተም አለ። ትሰግዳለሃ።»
ያነበብኩት ሁሉ እዚች ላይ አልሠራም።

ጥቅምት 28፣ ጁምዓ
ነገርኳት። ጁምዓ በመጣ ቁጥር መስጊድ ብዬ ወጥቼ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ መጽሐፍ እንደማነብ። ከሰገድኩ አሥራ ሰባት ዓመት እንዳለፈኝ። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።
ተረከዜን ለረጅም ጊዜ አየችው። የራሷን ዳሰሰች።
«አላህ ይምራህ» አለች። ከዚያ፣ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር፣ «በባዶ ሆድ ነው አይደል?»

ኅዳር 4
የራሂማ 247። ሁለታችንም ኪኒን ጀምረናል። ሀምዲን ላቱን ለጎረቤት አስተላለፈ፣ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው። እህቴ አኩርፋኛለች። በየቀኑ ትደውልና «ዋጥክ?» ብላ ትዘጋለች።
ሽማግሎቹን ልወቅስ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ተረከዝ አይቶ ሶላት የሚል ሰው፣ ምናምን...
ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ተረከዜ ካበጠ ዘጠኝ።