መስኮቱን የዘጋሁበት ክረምት

ለታደሰዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ክረምት አለፈ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለለቅሶ አይደለም፤ የምሥራች አለኝ።

የመኝታ ቤታችን መስኮት ትዝ ይልሃል? በሐምሌ ብርድ በሙቀት ስቃጠል ወለል አድርጌ እከፍተው ነበር። አንተ ጋቢህን እስከ አፍንጫህ ስበህ፣ ያገባሁት ሴት ሳይሆን ምድጃ ነው እያልክ ትስቃለህ። ልቤ ይደልቃል፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፈትሉ ይበጠስብኛል። የአንገቴ ዕጢ ከልክ በላይ ትሠራለች ተብሎ በኪኒን በረደልኝ። ኪኒኑን ሲያስቆሙኝ፣ ተገላገልን ብለህ ለሀና ማርያም ጧፍ ያስገባኸው አንተ ነህ።

አልተገላገልንም ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ይበርደኝ ጀመር። ድምፄ ጎረነነ፣ ፀጉሬ ሳሳ፣ እንዝርቱን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ፊቴ ሲያብጥ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ እሰይ፣ ሐዘኑ ለቀቀሽ፣ ሥጋ አበጀሽ ብላ መረቀችኝ። እድርተኛው ሁሉ አማረብሽ አለኝ። እኔም አመንኩ። ያከሳኝ በሽታ ከነበረ መወፈሩ ጤና ነው፣ ድካሙም የአንተ ናፍቆት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ታውቀኝ የለ።

ጭንቄ የልጃችን የሰናይት ሠርግ ነበር። የነጠላዋን ማግ ራሴ ልፈትል ቃል የገባሁት አንተ እየሰማህ ነው። ባዘቶው ግን ቅርጫት ውስጥ ቀረ።

አንድ ቀን ሰናይት መኝታ ቤት ገብታ የተዘጋውን መስኮት እያየች ቆመች።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ መስኮት ዘግተሽ አታውቂም» አለች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደሜ ተመረመረ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በሽታው ያው የድሮው ነው፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። የሰውነቴ መከላከያ የራሴን ዕጢ ጠላት አድርጎ ይዟታል፤ ያኔ ሲቆሰቁሳት ኖሮ አሁን አደከማት። ስለዚህ የጎደለውን የሚተካ ኪኒን በየማለዳው በባዶ ሆዴ ዕድሜ ልኬን እንድወስድ ታዘዘልኝ።

ቀስ በቀስ እጄ ሞቀ። እንዝርቱን አነሳሁ። ማጉ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወጣ፤ አንዴም አልተበጠሰም። ሸማኔው የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀ።

ሰናይት ያንን ነጠላ ለብሳ ተዳረች፣ ታደሰ። እልልታውን እኔ ነኝ ያስጀመርኩት፤ እኔ ዝምተኛዋ። እትዬ ብርቄ፣ ምነው ከሳሽ ብላ ስታዝንልኝ እናትና ልጅ ተያይተን በሳቅ ፈነዳን።

ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ስለሆነ የጽሑፌን ጉድለት ይቅር በለኝ። ጠዋት ኪኒኔን ውጬ መስኮቱን ስከፍት፣ ጋቢህን ወደ አፍንጫህ ስትስብ ይታየኛል። እስካለሁ ድረስ በየማለዳው እከፍተዋለሁ።

ምድጃህ፣
ወርቅነሽ