ስቱፓው ውስጥ ያኖርኩት ጸጉርህ

ሰርማ መንደር፣ ኔፓል
ካርቲክ 12 ቀን 2074 (በኔፓል አቆጣጠር)

ለልጄ ለካርሳንግ፣ ማሌዥያ

ዓይኔ፣ እንደምን አለህልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጎረቤታችን ቡቲም ከነምላሷ ደህና ናት።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። «እጄ ተጎድቶ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ከረምኩ፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ ነው» ትላለህ። እልል ማለት ሲገባኝ ደጃፉ ላይ ዘጭ አልኩ። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ብቻ አትቆጣኝ።

ናዳ የታችኛውን መንደር የዋጠ ጊዜ፣ ሙታኑ እንዳይንከራተቱ ብለው ቅድመ አያቶቻችን ያቆሙት ጉልላታም የጸሎት ሐውልት፣ ስቱፓው፣ በመሬት መንቀጥቀጡ እንደፈረሰ ታውቃለህ። ዘንድሮ መልሰን ሠራነው። ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ቤት የሟቹን አመድ ከጭቃ ለውሶ፣ አውራ ጣት የምታህል ስቱፓ ቀርጾ በትልቁ ሆድ ውስጥ ያኖር የለ? ቡቲ መጣችና፣ «አንቺ ያንጂ፣ ሁለት ዓመት ድምፁ የጠፋ ልጅ ምን ሆኖ ይመስልሻል? ነፍሱን ደጅ ልታሳድሪው ነው?» አለችኝ። አመድ ከየት ላምጣ? በልጅነትህ ቆርጬ ያስቀመጥኩትን ጸጉርህን አቃጠልኩ። መነኩሴያችን ላማው «መሞቱን አረጋግጠሻል?» ሲሉኝ «አዎ አባቴ» አልኩ። ዘጉት፤ ኖራ ቀቡት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ይዞረዋል። እኛ ስቱፓውን በቀኛችን አድርገን ነው የምንዞረው፤ እሱ በግራው። ቡቲም አየችው። «ያንጂ... ግራ እግሩን ይጎትታል» አለችና ቀኑን ሙሉ ዝም። ቡቲ ዝም! ከኮክ ዛፉ ከወደቅክ ወዲህ አንተም የምትጎትተው ግራህን ነው።

ደብዳቤህን ይዤ ላማው ዘንድ ሮጥኩ። «አባቴ፣ ይክፈቱልኝ፤ ልጄ በሕይወት አለ!»

«የተዘጋ ስቱፓ በሰው እጅ አይከፈትም» አሉኝ። «ደጅሽ የመጣውን ግን እንዳታስገቢ። እሱ ከገባ የሩቁ አይመለስም።»

ትናንት ዙረቱን ትቶ ደጃችን መጣ። «እማ፣ በረደኝ» አለ፤ በድምፅህ።

«ስትሄድ ምን ሰጠሁህ?» አልኩት በበሩ ስንጥቅ።

«የአባቴን ቀበቶ። ለማንም አትንገር ብለሽ።»

እውነቱን ነው። ይህን ከእኔና ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? የላክህልኝ ደብዳቤ ደግሞ የእጅ ጽሑፍህ አይደለም። ቀበቶው ውስጡ ላይ ምን እንደጠለፍኩ ጻፍልኝ፤ ከጻፍክልኝ ይህን በር ለእሱ እስክሞት አልከፍትም።

መንገድህ ሁሉ በቀኝ ይሁን። ቀባሪዬ አድርጎ ያቆይህ ልጄ፤ አንተ እንዳትቀድመኝ።

እናትህ ያንጂ

ቶሎ ጻፍ። ብርዱ እየከፋ ነው፤ ውጪ ያለውም ሲያለቅስ እንደ አንተ ነው።