ሰባታችን የወደቅንበት ቅዳሜ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአባይነህ፣
ዶሃ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሙቀት ጋብ አለልህ ወይስ አሁንም በላብ እየታጠብክ ነው የምትውለው? ጉልበትህስ? በር ላይ ቆሜ ስውል ያብጣል ብለኸኝ ነበር፤ ሻል አለህ? እህሉስ ይስማማሃል? እኛ ሞላሌ ያለነው፣ እማዬም እኔም፣ መድኃኔዓለም ጠብቆን ደህና ነን። እማዬን ጉንፋን ጥሏት ከርሞ አሁን ተነስታለች፤ መዳኗን ያወቅኩት እኔን መቆጣት ስትጀምር ነው።

ባለፈው በስልክ የትርዒቱን ነገር ልነግርህ ስጀምር ተቆረጠብን። ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ብሞክር ኔትወርኩ እምቢ አለኝ። አንተም በሐሳብ ሳትብሰለሰል አልቀረህም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። እንዳትሳቀቅ ግን ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ትርዒቱ አልተዘጋም። እኔም ዶሃ አልመጣም። እፎይ ብያለሁ፣ ወንድም ጋሼ። እስኪ አሁን ተረጋግተህ አንብበው።

አቶ ገብረ አማኑኤል አርጅተው ሪዞርቱን ለልጃቸው ለወይዘሮ ትሕትና ማስረከባቸውን ነግሬሃለሁ። እሳቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ያን ቤት ከሠሩና አንተ ሰርከሱን ከጀመርክልን ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ቅዳሜና እሑድ ትርዒት ተቋርጦ አያውቅም። ልጅቷ እኩያችን ናት፤ አንቱ ስላት ትቆጣለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈሪ ናት። በመጣች በሳምንቱ ሰብስባን ትርዒቱ እስከ ሰኔ ብቻ ነው አለችን። ምክንያቷ አንድ ነው። ከእናንተ አንዱ ወድቆ አንገቱ ቢሰበር ለእናቱ ምን ብዬ ልነግር ነው አለች። በዚያ ላይ ያንተ ጉልበት የተሰበረው ትርዒት ላይ ወድቀህ ነው ብለው ነግረዋታል። ኧረ ከአይሱዙ ላይ ሲዘል ነው ብንላት ማን ይመነን። በእኛ ቦታ ትልቅ ቴሌቪዥን ሊሰቀል ነው ተባለ።

ገብረየሱስ ተነስቶ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ሰው ወድቆ አያውቅም ብሎ ማለላት። እኔም ማልኩ። መሐላችን ትንሽ የተጋነነ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ቁጭ ብለሽ አንድ ጊዜ እዪንና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ ብለን ለመንናት። እሺ፣ ሚያዝያ 27 በዓል ስለሆነ እንግዳ ይበዛል፣ ያን ዕለት አያችኋለሁ አለች። አንድ ሰው ከወደቀ ግን በዚያው አበቃ አለችን።

ያገኘህልኝን የሰው ቤት ሥራ እሺ ያልኩህ በዚያ ሰሞን ነው። አንተ አስበህልኝ ነው፤ አውቃለሁ። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ግን ሆዴ አልፈቀደም ነበር። ፓስፖርቴን ደብረ ብርሃን ላለው ደላላ ሰጥቼ የተመለስኩ ዕለት፣ ከመኪና ወርጄ ቤት መግባት አቅቶኝ ምንም ሳልገዛ ገበያውን ስዞር ዋልኩ። እማዬን ለማን ትቻት ልሄድ ነው እያልኩ።

እሷ ደግሞ ለእኔ ትንፍሽ ሳትል አባ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ሄዳለች። የንስሐ አባታችን ስለ ትርዒታችን ምን እንደሚያስቡ ታውቃለህ። ሰው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሲሄድ አላይም ብለው ይኸን ሁሉ ዓመት በሪዞርቱ በር ገብተው አያውቁም። እማዬ እግራቸው ላይ ወድቃ፣ ልጄ ዓረብ አገር ልትሄድብኝ ነው፣ ለሴትዮዋ አንድ ቃል ይናገሩልኝ አለቻቸው። እሳቸውም አዘኑላትና እሺ አሉ። መቼ እንደሚመጡ ግን ለእኔ የነገረኝ የለም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ጭላዳ ሊያይ የመጣው ፈረንጅ፣ የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ሳይቀር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወይዘሮ ትሕትና ፊት ወንበር ላይ እጆቿን አቆላልፋ ተቀምጣለች። መገለባበጡ አማረልን፤ ገመዱም አማረልን። መጨረሻ ላይ ክምሩን ሠራን። አራታችን ከታች በእጅና በጉልበታችን ተንበርክከን፣ ሁለቱ ጀርባችን ላይ ቆመው፣ መሲ ከሁሉ በላይ በእነሱ ትከሻ ላይ ወጣች። የእኔ ፊት ወደ በሩ ነው። መሲ እጆቿን ዘርግታ ሰዉ ሊያጨበጭብ ሲል በሩ ተከፈተና አባ መርስዔ ኃዘን ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ።

እንግዲህ አትሳቅብኝ። ተነሳሁ። ወንድም ጋሼ፣ ጀርባዬ ላይ ሰው መኖሩን ረሳሁት። ትልቅ ሰው ሲገባ እንደተቀመጡ መቅረት መቼ ለመድን? በዚያ ላይ እሳቸው፣ በዚያ በር! “ኖር!” ብዬ ብድግ ስል ገብረየሱስም ከጎኔ “ኖር!” ብሎ ብድግ አለ፤ ድቁና ያለው ሰው፣ እሱን ማን ይይዘዋል። የቀሩት ሁለቱም ተከተሉን። ከላይ የነበሩት እንደ ጆንያ ወረዱ። መሲ አየር ላይ ሆና “እናንተ!” ስትል ሰምቻታለሁ። ሰባታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን። አባም ያን ሁሉ የተዘረረ ሰው ከበሩ ላይ ሆነው አዩና በረጋ ድምፅ፣ “በእግዚአብሔር! ተቀመጡ ልጆቼ” አሉን።

አዳራሹ በሳቅ አበደ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ እንደተጋደምኩ የታየኝ ደላላው ጋ ያለው ፓስፖርቴ ነው። አበቃ አልኩ፤ በገዛ እጄ አበላሸሁት አልኩ። ቀና ስል ወይዘሮ ትሕትና አጠገባችን ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ማንም እንዳይንቀሳቀስ አለችና ተራ በተራ እጅና እግራችንን ዳሰሰች። አንዳችንም ምንም አልሆንንም። መሲ ፀጉሯን እያስተካከለች ደህና ነኝ አለቻት። የገብረየሱስ ሱሪ ብቻ ተቀዷል። እንዴት ነው ይኸ ነገር ብላ ጠየቀችን። አስበን ያደረግነው ነገር አልነበረማ። ኋላ ግን አንተ ትዝ አልከኝ። መጀመሪያ ስትሰበስበን አውድማው ጭድ ላይ ሦስት ወር ሙሉ ያስተማርከን መውደቅ ብቻ ነበር። አገጭ ወደ ደረት፣ እጅ አይዘርጋ፣ በትከሻ ተንከባለል። መቼ ነው የምንወጣው እያልን ስንነጫነጭብህ ጆሮህን አልሰጠኸንም። ወንድሜ ነው መውደቅ ያስተማረን አልኳት። ይኸን ሰምታ ወጣች።

እሑድና ሰኞ እንዴት እንዳለፉ አትጠይቀኝ። አባ ደንግጠው ለወይዘሮ ትሕትና አንድ ቃል ሳይናገሩልን ተመልሰዋል። እማዬ ያስመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ ልጄን ያባረርኳት እኔ ነኝ ብላ እህል አልቀምስ አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ትሕትና አስጠራችን። የፈራሁት መውደቃችሁን ነበር፣ ሰባታችሁም ዓይኔ እያየ ወደቃችሁ፣ አንዳችሁም አልተጫራችሁም አለች። እንደማትወድቁ ከምትምሉልኝ መውደቅ እንደምታውቁ ብትነግሩኝ ይሻል ነበር ብላ ተቆጣችን። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። ትርዒቱ ይቀጥላል። ሦስት ዓመት ተፈራርመናል፤ ማኅተሙን በጣቴ ዳስሼዋለሁ። አዲስ ፍራሽም ታዟል። እንግዶቹ ደግሞ አወዳደቃችን የትርዒቱ ክፍል መስሏቸው ድገሙልን ይላሉ። አባን በየሳምንቱ እንዲህ ይግቡልን ብላ ብትልክባቸው፣ እኔ የማንም መጫወቻ አይደለሁም ብለው ተቆጡ። ግን ባለፈው ቅዳሜ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አየናቸው።

ሐሙስ ደብረ ብርሃን ወርጄ ፓስፖርቴን ተቀበልኩ። ደላላው ተቆጣ፤ ይቆጣ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው እግዜር ያጥናሽ አሉኝ። አሜን አልኳቸው፤ ምን ልበል።

አሁን ደግሞ ላንተ ያለኝን ልንገርህ። ወይዘሮ ትሕትና ከመስከረም ጀምሮ አሥር አዲስ ልጆች እንዲሰለጥኑ ትፈልጋለች። እኛ በዕድሜ እየገፋን ነው፤ እኔ ራሴ ሠላሳን አልፌያለሁ። መውደቅ ያስተማራችሁ ሰው የት ነው ያለው አለችኝ። ዶሃ የሕንፃ በር ይጠብቃል አልኳት። ይምጣና ያስተምር፣ ደመወዙንም ማደሪያውንም እኔ አዘጋጃለሁ አለች። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም ብዬ ሳልደብቅ ነገርኳት። ለማስተማር የሚያስፈልገው ዓይንና አፍ ነው አለችኝ። አሁን ይኸን ስታነብ፣ እኔ ለምን እረባለሁ እያልክ መሆኑ ይታየኛል። ስትሄድም እንደዚያ ነበር ያልከው። ያን ቀን ልቅሶ ይዞኝ አልመለስኩልህም። አሁን እመልስልሃለሁ፤ ሰባት ሰው አንገቱ ሳይቀጭ ከወለል የተነሳው ባንተ ነው። ውልህ ነሐሴ ላይ ያልቃል ብለኸኛል። እባክህ አታድሰው።

ገብረየሱስና መሲ፣ የቀሩትም ጓደኞቻችን በያሉበት ሰላም ብለውሃል። አባ መርስዔ ኃዘን ከዚህ ሆነው በመስቀላቸው ባርከውሃል። አብሮህ ለሚኖረው ለሸዋ ሮቢቱ ልጅ ለዓብዱረህማን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ታመህ የተኛህ ጊዜ ስላስታመመህ እማዬ ስሙን እየጠራች ትመርቀዋለች። የእኔ ሰላምታ ደግሞ ከሁሉም ይብዛልህ።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የበግ ጠጉር እየፈተለች ነው። ወይዘሮ ትሕትና ስላንተ ያለችውን ገና አልነገርኳትም። እንደ ወትሮዋ፣ በርታ በይው፣ ስለ እኔ አያስብ፣ ሥራውን እንዳይተው በይልኝ ትለኛለች። ይኸው እንዳለችው ጻፍኩልህ። እኔ ግን የምልህ ና ነው።

እህትህ ጌታነሽ
ሞላሌ፣ መንዝ
ግንቦት 6 ቀን 2004 ዓ.ም.