አራት አገሮች በሰሌዳ ላይ

ነሐሴ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.
የካ፣ ሲግናል

ለውድ ባለቤቴ ለሐመልማል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችን ናዝሬት እንዴት ናት? የሐዋሳ ሙቀት ሳልሽን አቅልሎልሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እዚህ ዝናቡ አላባራም። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የግቢያችንን አጥር በአንድ በኩል ወስዶታል፤ አከራያችን ክረምቱ ይውጣ እያለች ዝም ብላለች።

ስልክ ላይ ከሰላምታ አልፈን መነጋገር ስላቃተን ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ። ይህን የምታመጣልሽ ባለሱቋ ሐቢባ ናት፤ ማክሰኞ ወንድሟን ልትጠይቅ ወደ ሐዋሳ ትመጣለች።

ሥራ ይዣለሁ። የት እንደሆነ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ፤ ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ፊት ለፊት ያለ ቤቲንግ ቤት ነው። ወረቀቱን አትቅደጂው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ትኬት ቆራጭ ነኝ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ለራሴ አንድም ቀን አልቆረጥኩም። ለተማሪዎቹ ማሊያ መግዣ የተሰበሰበውን ብር በቤቲንግ ካስበላሁ በኋላ የትኛው ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምር ብሎ ይቀጥረኛል? ያገኘሁት ይህንን ነው።

የቤቱ ባለቤት ኃይሉ ይባላል። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጠራኝና፣ «መምህር፣ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ጳጉሜን ሦስት ፈረንሳይ ላይ ይጀመራል። ሲስተሙ ላይ ከወጣ ቆይቷል፣ ግን ማንም አይነካውም። ሰው የማያውቀውን ጨዋታ አይቆርጥም። አንተ ስፖርት የተማርክ ሰው ነህ፤ ለዋንጫ የሚጠበቁትን ምረጥና ለሰዉ አስረዳልኝ» አለኝ።

ኮሌጅ እያለሁ አንድ መምህር ሁለት ሳምንት ያህል ራግቢ አስተምሮን ነበር። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ መሆኗንና በእጅ ወደ ፊት እንደማትወረወር አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ያለፈ የማውቀው አልነበረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ከስልኬ ሳነብ ሰነበትኩ። ከዚያ ነጩ ሰሌዳ ላይ አራት አገር ጻፍኩ። ፈረንሳይ፣ በገዛ ሜዳዋ ስለምትጫወት። አየርላንድ፣ በደረጃ አንደኛ ስለሆነች፤ ግን ከሩብ ፍጻሜ አልፋ አታውቅም። ደቡብ አፍሪካ፣ ያለፈውን ዋንጫ ስለበላች። ኒውዚላንድ፣ ጥቁር ለባሾቹ፣ ዓመቱን ሙሉ ስላልተሸነፉ።

መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ይሄ ኳስ ነው ድብድብ?» ያሉም ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን ማዳመጥ ጀመሩ። አንዱ የጋራዥ ሠራተኛ እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ። እየሳቀ ነው፣ ግን እጁን አወጣ። ሐመልማል፣ ማርከር ይዤ ሰው ፊት ከቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ያን ቀን ሌሎቹ ትኬት ቆራጮች ያስተረፉልኝን ግማሽ እንጀራ እንኳ ሳልበላ፣ ጠግቤ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከሚያዳምጡኝ አንዱ ባፈና ነው። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ የጋራዡ ዘበኛ። በሕይወቱ ቆርጦ አያውቅም፤ መጀመሪያ የገባው ከዝናብ ሊጠለል ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጣ ከኋላ ይቆማል። ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ፣ ዓርብ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ለዋንጫው ማሟሟቂያ ለንደን ላይ ሊጫወቱ ነበር። ባፈና ወደ መስኮቴ ቀረበ።

«መምህር፣ ማን ያሸንፋል?»

«ኒውዚላንድ» አልኩት። «በሐምሌም አሸንፈዋቸዋል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ትኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ብሩን ከደረት ኪሱ ሲያወጣ ብዛቱን አይቻለሁ። ለአንድ ዘበኛ የሁለት ወር ደመወዝ ነው። ያን ያህል አታስይዝ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አምኖኝ ነበር፣ መታመኑ ደስ አለኝ።

ሠላሳ አምስት ለሰባት ተሸነፉ።

ቅዳሜ ባፈና በሥራው ላይ አልነበረም። ሰኞም አልመጣም። ለኃይሉ ስነግረው፣ «ተበልቶ ነው። ይመጣል፤ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል» አለኝና ስልኩን መነካካት ቀጠለ። ረቡዕ ጋራዡ ሌላ ዘበኛ ቀጠረ። ሐሙስ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ቤቱን አጠያይቄ ሄድኩ።

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ አስወልቆኛል። አንዲት ክፍል ናት። ባፈና አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ስገባ አልዞረም። ሁለት ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ዓለም ትባላለች፤ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ዱካውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠችኝ።

«ኒውዚላንድ ያሸንፋል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ» አለች። «ስለ እርስዎ ሲያወራ ነበር የሚያመሸው። መምህሩ ሁሉን በሰሌዳ ያስረዳል፣ ማንንም አይንቅም ይላል።»

እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ በሻሽ የተቋጠረ ብር ይዛ ወጣች።

«ሰኞ እቁቤ ወጣልኝ። ለልጆቹ መመዝገቢያና ለቤት ኪራይ ነበር። ግን እሱ ከዚህ ግድግዳ ካልተነሣ ኪራዩ ምን ያደርግልኛል? ያጣውን ቢያገኝ ይነሣል። ዋናው ጨዋታ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይጀመራል አሉ። ማን ያሸንፋል?»

«ይቅርብሽ፣ ዓለም» አልኳት። «ይህ ነገር ቤት ያፈርሳል። የእኔን አፍርሷል።»

«እርስዎ አንድ ጊዜ ተሳሳቱ። ሁለተኛ አይሳሳቱም።»

ይህን ጊዜ ባፈና ዞረ። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«መምህር» አለ፣ «ፈረንሳይ በሜዳዋ ናት ብለው አልነበር?»

ዓለም አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ከተኛ ጀምሮ ድምፁን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ትንሿ ልጅ ተነሥታ አልጋው ጫፍ ላይ ወጣችና እግሩን አቀፈችው። ሁሉም እኔን ያያሉ።

ብሩን ተቀበልኩ።

ሐመልማል፣ የተቀበልኩት እንዳይጠፋባቸው ነው። እኔ ባልወስደው ሌላ ቤቲንግ ቤት ይዛው መሄዷ አይቀርም ነበር። አሁን ሣጥኑ ውስጥ፣ ትተሽው ከሄድሽው ቀሚስ ሥር ነው። ዛሬ ልመልሰው ወጥቼ እስከ የካ ሚካኤል በር ድረስ ሄጄ ነበር፤ ዝናቡ መለሰኝ። ደግሞም አስቀድሜ ሳልነግረው ብሩን ብመልስ ባፈና ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ቅዳሜ ጠዋት በእጇ አስረክባታለሁ። ሰኞ ደግሞ ለኃይሉ ሥራውን ለቅቄያለሁ እለዋለሁ። ወስኛለሁ።

የመክፈቻው ጨዋታ የፈረንሳይና የኒውዚላንድ ነው። እንዲያው እንድታውቂው ነው። ኒውዚላንዶች ከለንደኑ በኋላ ልባቸው ተሰብሯል፤ ፈረንሳዮቹ ደግሞ ሰማንያ ሺህ የራሳቸው ሰው ፊት ነው የሚጫወቱት። ያነበብኩት ሁሉ የሚለው አንድ ነው። እኔ ስለጓጓሁ አይደለም እንዲህ የምልሽ።

አዲሱ ዓመት ለአንቺ የጤና ይሁንልሽ፣ ለናዝሬት የዕውቀት። እኔን ባትቀበይኝም በጸሎትሽ አትርሺኝ። የእግዚአብሔር ዓይን ከሁለታችሁ አይነሣ፤ በዚህ ክረምት ያላየሁትን ፀሐይ እናንተ ደጅ ያውጣላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ናዝሬት ዓርብ ዓርብ ማታ ትደውልልኛለች፤ ሳምንቱን የምገፋው እሱን እየጠበቅሁ ነው። የፊታችን ዓርብ ግን እንዳትደውል ንገሪያት። ምንም ሆኜ አይደለም። ያን ቀን ማታ የስልኬ ባትሪ ያልቅብኛል።

ባለቤትሽ
አባይነህ